የሯጩ ጉልበትና የሐረጎ ቁልቁለት

ማለዳ ደሴ ፒያሳ የቆመ ሰው ቁምጣ የለበሱ ወጣቶች ወደ ኮምቦልቻ መንገድ ሲሮጡ ማየቱ አይቀርም። ትጋታቸው ደስ ያሰኘናል። ነገር ግን አንዱ ሲመለስ ሲያነክስ አይተን «ምን ሆንክ?» ስንለው «ምንም» ይላል። የምንቃወመው ይህንኑ «ምንም» ነው።

ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በሐረጎ በኩል ቁልቁል ሲሮጡ ትንፋሽ ይቀላል፤ ሸክሙ ግን በጭን ጡንቻና በጉልበት ሎሚ ላይ ያርፋል። ሳንባ በሳምንታት ሲለምድ ጅማት ወራት ይፈልጋልና፣ ርቀቱን ባንድ ጊዜ ያበዛ ሰው ትንፋሹ ሳይከዳው ጉልበቱ ይከዳዋል።

መድኃኒቱስ? መታሸት ለጊዜው ያስታግስ ይሆናል እንጂ ምክንያቱን አያነሣም። ለወራት መተኛትም ጡንቻን ያደክማል። የሚሻለው ቁልቁለቱን ትቶ፣ ርቀቱን ቀንሶ፣ በሜዳ ላይ መሮጥ ነው፤ ጎን ለጎንም የጭንና የዳሌን ጡንቻ ብድግ ቁጭ በማለት ቀስ በቀስ ማጠንከር ያስፈልጋል። ያበጠ ወይም አልታጠፍ ያለ ጉልበት ግን የሐኪም ጉዳይ ነው።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እንኳ ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም. በኒውዮርክ ማራቶን፣ ውሃ የቋጠረ ጉልበቱ እንቢ ቢለው ሩጫውን አቋርጧል። በዚያው ዕለት ሩጫ በቃኝ አለ፤ በቀናት ውስጥ ግን ሐሳቡን ለወጠ። ኃይሌን ማን ሰነፍ ይለዋል? አሠልጣኞችም «አመመኝ» ያለውን የፒያሳ ልጅ ከመገሠጽ ይልቅ፣ ያን ሰሞን ሐረጎን ቢያስቀሩለት እንወዳለን።