በቀን ሦስት ጊዜ

ነገሩ የሆነው ሰቆጣ ዙሪያ ነው። ከአንድ ጤና ተቋም ደጅ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሳል ከሚያጣድፋቸው አንድ አዛውንት ጎን አረፍ ብያለሁ። በእጃቸው ትንሽ የመድኃኒት ፖስታ ይዘዋል። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «1 × 3» ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ አሞክሲሲሊን ነው።

«አባቴ፣ እንዴት ውሰዱ አሉዎት?» አልኋቸው። የልጅ ልጃቸው፣ ትምህርት ቤት የገባ ነው፣ አማርኛዬን ወደ ኽምጣኛ መለሰልኝ።

«ሲስተሯ በቀን ሦስት ብላኛለች። ጧት ሦስቱን ውጬ ከከብቶቼ ጋር እወጣለሁ።»

«ሦስቱንም አንዴ?»

«ታዲያ በቀን አይደለም እንዴ? በሌሊት አልዋጥሁ!»

ጎበዝ፣ እስቲ ፍረዱ! ሽማግሌው ምን አጠፉ? «ቀን» ማለት ሃያ አራቱም ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ ያለውም ነው። ሃያ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርሁ ሰው ነኝና፣ ይህን መልስ ፈተና ላይ ቢሰጡኝ ሙሉ ማርክ አገኙ ነበር። ሳንባ ግን ማርክ አይሰጥም።

አሞክሲሲሊን ባክቴሪያን የሚያሸንፈው ባንድ ጊዜ በመብዛቱ ሳይሆን፣ ደም ውስጥ በበቂ መጠን በቆየበት ሰዓት ርዝመት ነው። ኩላሊት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያስወጣዋል፤ በየስምንት ሰዓቱ የሚተካውም ለዚህ ነው። ሦስቱን ጧት የዋጠ ሰው ሌሊቱን ያለ ጠባቂ ያድራል፤ ባክቴሪያውም እንደገና ይራባል። ፖስታው ውስጥ ያለው ፓራሲታሞል ቢሆንና ሰውዬው ሕመሙ ሲጠናበት ቢደራርበው ደግሞ ጉበቱን ይጎዳል። ያው «1 × 3» ሁለት ዓይነት አደጋ ይወልዳል።

ለመሆኑ አንድ የመድኃኒት ትእዛዝ በአገራችን ስንት ቋንቋ እንደሚሻገር ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ማዘዣው ላይ «ቲ.አይ.ዲ» ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ ከላቲን የመጣ ምሕጻረ ቃል ነው፣ «በቀን ሦስት ጊዜ» ማለት ነው። ግዕዝ እንኳ ቢሆን ደብተራው ይፈታልን ነበር! ነርሷ ስለ መድኃኒት የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው። የምታስረዳው በአማርኛ ነው። ሰሚው የሚያስበው በኽምጣኛ ነው። በዚህ ላይ የሰዓቱ ነገር አለ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ተብሎ የተጻፈው ለእኛ ጧት 2 ሰዓት ነው። አራት ወንዝ የሚሻገር መልእክት አንዱ ላይ ቢሰምጥ ምን ይደንቃል?

«ገበሬው እንደሆነ አይሰማም፤ እንደ ታዘዘው አይወስድም» የሚል ወቀሳ በየስብሰባው ይሰማል። ሽማግሌው ግን ሰምተዋል፤ እንደ ተነገራቸውም ሊያደርጉ ነበር። «ነርሷ ምን ታድርግ፣ ሰልፉ እኮ ረጅም ነው» የሚልም አለ። ግማሽ እውነት ነው። «መጀመሪያ መድኃኒቱ ራሱ የታለ?» የሚለኝም አይጠፋም። ዋግ ኽምራ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጤና ተቋማት የተዘረፉበት አገር ነውና ጥያቄው ልክ ነው። ታዲያ መድኃኒት ብርቅ በሆነበት አገር፣ የተገኘችው ፍሬ ባልተብራራ ቃል ስትባክን የባሰ አያስቆጭም?

እንደሚቻልማ አይተናል። በአማራ ክልል ለትራኮማ አዚትሮማይሲን በዘመቻ ሲታደል መጠኑ በቁመት ይለካል። ልጁ ከዘንጉ አጠገብ ይቆማል፤ ቁመቱ የደረሰበት ምልክት የሚወስደውን ይናገራል። ዘንጉ ላቲን አያውቅም። የወባው ኮአርተም ማሸጊያም አወሳሰዱን በሥዕል ያሳያል። ያሰበበት ሰው መንገድ አያጣም።

እንግዲህ ማንን ልክሰስ? ነርሷን አይደለም። እሷ ትክክለኛ ታካሚ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ የአሰጣጥ መንገድ፣ ትክክለኛ ሰዓት የሚሉትን አምስቱን ሕጎች ሸምድዳ፣ ተፈትና፣ አልፋለች። ችግሩ፣ በሽተኛው ቤቱ ሲገባ መድኃኒት ሰጪው ራሱ መሆኑ ነው። አምስቱ ሕጎች ከሱ ጋር ካልሄዱ ደጅ ላይ ቀሩ ማለት ነው።

የምከሰው አስተማሪዋን ነው፤ እኔንም ጨምሮ። ለነርስ ተማሪዎች እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ። በግስና በመስተዋድድ ስሕተት ማርካቸውን ቆርጫለሁ። አንድም ቀን ግን «ይህን የመድኃኒት ትእዛዝ ለአያትህ በሚገባቸው ቋንቋ አስረዳ» ብዬ ፈትኜ አላውቅም። እንግሊዝኛውን ያረምሁላቸው ልጆች ዛሬ በየገጠሩ «1 × 3» እያሉ ይጽፋሉ።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ሲምል መሐላውን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አለው። ደግ አደረገ። የሰቆጣ ዙሪያው ሽማግሌ የያዙት ፖስታ ግን ባገሩ ቋንቋ አንዲት ቃል አልነበረበትም። ኽምጣኛ በፊደላችን ይጻፋል፤ በዞኑ ልጆች ይማሩበታል። ጎሕ፣ ቀትርና ጨረቃ የተሳለበት ፖስታ ማሳተም ስንት ያወጣል? እሱም ቢቀር «እስቲ እንዴት እንደሚወስዱት መልሰው ይንገሩኝ» ማለት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የነርሶች ፈተና ከዚህ ጥያቄ ይጀምር፤ ይህን ያላለፈ መድኃኒት አይስጥ።

ለማንኛውም ሽማግሌውን ይዘን ወደ ሲስተሯ ተመለስን። ደነገጠች። «ገባኝ ብለውኝ እኮ ነው የወጡት» አለች። ከዚያ ተቀምጣ፣ ልጁ እየተረጎመ፣ አንዱን ጎሕ ሲቀድ፣ አንዱን ከቀትር በኋላ ከብቱ ውሃ ሲወርድ፣ አንዱን ሊተኙ ሲሉ እንዲውጡ ነገረቻቸው። መልሰው ነገሯት። አልተሳሳቱም።

ሲወጡ ወደ እኔ ዞር ብለው በልጁ አፍ እንዲህ አሉኝ፦

«ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አትሉም?»