የክሬሙፍካ ዋጋ ከስሙ ነው ወይስ ከክሬሙ?

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። ስም ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዱቄት በላይ እንደሚሸጥ ማየት የፈለገ ነጋዴ ግን ከክራኮቭ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀውን ቫዶቪትሴ የተባለች ትንሽ የፖላንድ ከተማ ይመልከት።

በጁን 16 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በተወለዱባት በዚህች ከተማ አደባባይ ለተሰበሰበው ሕዝብ የወጣትነታቸውን ጨዋታ አነሱ። በ1938 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲያጠናቅቁ፣ ከፈተናው በኋላ ከጓደኞቻቸው ጋር ኬክ ቤት ገብተው ክሬሙፍካ ይበሉ እንደነበር አስታወሱ። ይኸው ነው። የከተማዋ ኬክ ቤቶች ግን «የጳጳሱ ክሬሙፍካ» እያሉ መሸጥ ያዙ፤ እስከ ዛሬም ይሸጣሉ። አንድ ሳንቲም ያልተከፈለበት ማስታወቂያ መሆኑ ነው። የሚገርመው፣ ጳጳሱ ያነሱት የድሮው ኬክ ቤት ከትርፉ የሚካፈልበት ዕድል አልነበረውም፤ እሱ ቀደም ብሎ ታሪክ ሆኗል። ኬኩን የጋገረው ሌላ፣ ያተረፈው ሌላ።

ለመሆኑ ክሬሙፍካ ምንድን ነው? በቅቤ ቅጠል በቅጠል ከተነባበረ ሊጥ የተጋገሩ ሁለት ንጣፎች፣ በመካከላቸው ከወተትና ከእንቁላል አስኳል የበሰለ ወፍራም የቫኒላ ክሬም፣ ከላይ የተነሰነሰ የዱቄት ስኳር። ዋርሶዎች ናፖሌዮንካ ይሉታል። በአዲስ አበባ ኬክ ቤቶች የምናውቀው የጣሊያኖቹ ሚሌፎሊ የቅርብ ዘመዱ ነው።

«ታዲያ ቤቴ ብጋግረው አይረክስም ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ ስኳሩንና ቅቤውን ብቻ ከደመሩ አዎን፣ ይረክሳል። ሂሳቡ የሚበላሸው ጊዜዎን ሲያስገቡ ነው። ሊጡ በቅቤ ይታጠፋል፣ ይዳመጣል፣ ፍሪጅ ገብቶ ያርፋል፣ እንደገና ይታጠፋል። ግማሽ ቀን ይበላል። የፖላንድ እናቶች ይህን ሂሳብ ያወቁበት ይመስለኛል፤ ብዙዎቹ «የፈረንሳይ ሊጥ» የሚሉትን ተጠቅልሎ የሚሸጥ ሊጥ ከሱቅ ይገዙና ክሬሙን ብቻ ራሳቸው ያበስላሉ። የኔም አቋም ይኸው ነው፤ ፋብሪካ የሚበልጥዎትን ለፋብሪካ ይተዉ። ክሬሙን ግን አይግዙ። በፓኬት የሚሸጠው ዱቄት የአስኳልን ጣዕም አይተካም።

ባለፈው እሁድ በዚሁ መንገድ ሞከርኩ። ለአንድ ሊትር ወተት ስድስት አስኳል፣ ስኳር፣ ቫኒላና ክሬሙን የሚያጠነክር ስታርች ገባ። እሳቱ ከበረታ ወይም ማማሰል ካቋረጡ አስኳሉ እንደ እንቁላል ፍርፍር ይቋጠራል፤ የመጀመሪያው ድስት እንዲህ ሆኖ ተደፋ፣ ኪሳራ ብዬ መዘገብኩት። ሁለተኛው ተሳካ። ከቀዘቀዘ በኋላ ተመትቶ ከለሰለሰ ቅቤ ጋር ተዋሃደ። ሌላም ነገር ተማርኩ፤ የላይኛውን ንጣፍ ክሬሙ ላይ ከመጫንዎ በፊት ይቁረጡት። ከጫኑ በኋላ ቢላዋ ሲያሳርፉበት ክሬሙ በጎን በኩል ይወጣል።

የኬክ ቤቱን ዋጋ ለመተቸት የቸኮልኩት ግን እስከ ማግስቱ ብቻ ነበር። ይህ ኬክ ውሎ ሲያድር ሊጡ የክሬሙን እርጥበት ይጠጣና መንኮሻኮሹ ይቀራል፤ ክሬሙም ከፍሪጅ ውጭ አይቆይም። ስለዚህ ሻጩ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ዋጋ ውስጥ ማታ ሳይሸጥ የሚቀረውን ጭምር ማስላት አለበት፤ ቲማቲም የሚነግድ ሰው ይህን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ኬኩ ሩቅ መንገድ አለመውደዱ ለቫዶቪትሴ የጠቀማት ይመስለኛል፤ ገዢው ራሱ መምጣት አለበት፣ ከመጣም ቡና ይጠጣል።

እኔ ግን የሚመጣልኝ ቱሪስት አልነበረም። ሰኞ ማታ የተረፉትን አራት ቁራጮች ለጎረቤት ሰጠሁ፤ በነፃ።