ስለ ተዘጋ መስኮትና ስለ መኝታ ቤት አቧራ

ቀድሞ የእርሻ መሬት በነበረው በኮዬ ፈጬ ሜዳ ላይ ብዙ ሺህ ቤተ ሰብ በየፎቁ ከሰፈረ ወዲህ፣ በጋ በመጣ ቁጥር ነፋሱ ከጥርጊያው መንገድና ከየግንባታው የሚያነሣው ትቢያ በየመስኮቱ እየገባ፣ ማስነጠስና የዓይን ማሳከክ፣ ይልቁንም በሕፃናት ላይ የሚበረታው የሌሊት ሳልና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ የብዙ ቤት ጭንቅ ሆኖአል። እኛም ደዌውን ሁሉ ለብርድና ለውጭ አቧራ ሰጥተን፣ መስኮቱን ቀርቅረን፣ መጋረጃውን አወፍረን፣ ወለሉን በምንጣፍ አልብሰን እንቀመጣለን። እኔ ግን የውጩን ስንሸሽ የውስጡን እየቀለብን ነው እላለሁ።

ቪየናዊው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ እ.ኤ.አ. በ1906 አለርጂ የሚለውን ስም ካወጣ በኋላ፣ የቤት አቧራ አንዳንዱን ሰው የሚያስጨንቅበት ምክንያት ለብዙ ዘመን ሳይገለጥ ቆይቶ፣ በ1960ዎቹ በሆላንድ አገር በላይደን የነበሩ ሊቃውንት ነገሩን ከአንዲት ረቂቅ ተሐዋስ ላይ አደረሱት። ይህች ፍጥረት ከገላችን የሚረግፈውን ቆዳ ትመገባለች፤ ውሃዋን ከአየሩ እርጥበት ትስባለች፤ ማኅደሯም ፍራሽ፣ ትራስ፣ ብርድ ልብስና ሶፋ ነው። አትናከስም፤ ትንፋሽን የሚያውከው ደርቆ ከአቧራው ጋራ የሚበነው ዐይነ ምድሯ ነው።

ነገሩ የባዕድ አገር ወሬ እንዳይመስል፣ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ከ12 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተጠንተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። አስም ከባላገሩ ይልቅ በከተሜው በዝቶ ተገኘ፤ የሚያስደንቀውም፣ ለዚህችው ተሐዋስ ቆዳው የሚቆጣው ሰው በገጠር በዝቶ ሳለ፣ ይህ ቁጣ ከትንፋሽ መታወክ ጋራ ተያይዞ የታየው በከተማ መሆኑ ነው። ስለ ምክንያቱ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል፤ ከመስክ ቤት ወደ ፎቅ ለመጣነው ግን ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለዚህ ጽዳቱ ከሳሎን ሳይሆን ከአልጋ ይጀምር። እናቶቻችን ፍራሽና ብርድ ልብስ አውጥተው ፀሐይ ያስመቱ የነበረው በከንቱ አልነበረም፤ ተሐዋሷ ድርቀትንና ሙቀትን አትችልም። አንሶላና የትራስ ልብስ ደግሞ በየሳምንቱ 60 ዲግሪ በደረሰ ሙቅ ውሃ ቢታጠብ፣ ፀሐይ የገደለችውንም ርዝራዡንም ውሃው ይወስደዋል። ውሃ ጠፍቶ በሚሰነብትበት ሰፈር ይህ ቀላል ነው አልልም፤ ነገር ግን ያለችውን ጥቂት ውሃ ለምንጣፍ ከማዋል ምንጣፉን ከሕፃኑ ክፍል አውጥቶ ለአንሶላው ማዋል ይሻላል። ደረቅ መጥረጊያም አቧራውን ወደ አፍንጫ ያነሣዋልና በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይገባል።

መስኮቱ ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ ይከፈት። በክረምት ቤት ውስጥ የሚሰጣ ልብስና የወጥ ቤት እንፋሎት መውጫ ሲያጡ ግድግዳው ይሻግታል፤ ሻጋታውም ራሱን የቻለ የአለርጂ ምንጭ ነው። ቡናችንን ከነሥርዓቱ እወደዋለሁ፤ ቢሆንም የእጣንና የከሰል ጢስ፣ ምንም እንኳ በባሕርዩ አለርጂ ባይሆን፣ የተቆጣ ሳንባን ያባብሳል፤ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥማ ነፍስ ያጠፋል። በረንዳ ያለው በረንዳ ላይ፣ የሌለውም በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ያፍላ፤ የተጎዘጎዘውም ቄጤማ ሳያድር ይውጣ። ይህ ሁሉ ግን ሐኪም ያዘዘውን የሚሳብ መድኃኒት አይተካም።

የጋራው ሕንፃ ደግሞ የጋራ ሥራ ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ቤቱን ሳያልቅ ተረክቦ ራሱ የሚጨርስ በመሆኑ፣ አንዱ ሴራሚክ በደረቁ ሲቆርጥ የሚነሣው ብናኝ የአራት ጎረቤት አልጋ ላይ ያርፋል። የብሎክ ኮሚቴዎች ሴራሚክ ውሃ እየፈሰሰበት እንዲቆረጥ፣ ደረጃው ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ ውሃ ተርከፍክፎበት እንዲጠረግ፣ የጣራው መውጫም በተመደበ ቀን ለፍራሽ ማስጫ እንዲከፈት ቢወስኑ፣ ለዚህ አዲስ መዋጮ መሰብሰብ አያሻቸውም።