ሙጫው ብቻ ሳይሆን አሟሚውም ይታሰብበት

የሸክላ ሥራ በጋሞ የቆየ ጥበብ ነው። አንድ ጥንታዊ እንስራ ሲሰበር ግን ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ሙጫው ብርታት ብቻ ነው። ሙጫውን ስላሟሟው ፈሳሽ የሚጠይቅ ጥቂት ሰው ነው። በእኔ አስተያየት፣ ቅርስን በማዳንም ሆነ በማበላሸት ረገድ የአሟሚው ድርሻ ከሙጫው አያንስም።

በየቤተ መዘክሩ ከሚሠራባቸው ማጣበቂያዎች አንዱ ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለው ፖሊመር ነው። ይህ ፖሊመር በአሴቶንም በቶሉዊንም ይሟሟል፤ የሁለቱ ጠባይ ግን የተለያየ ነው። አሴቶን በ56፣ ቶሉዊን ደግሞ በ111 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላሉ። ስለዚህ አሴቶን ፈጥኖ ይተናል፤ ሲተንም ወደ ሸክላው የዘለቀውን ፖሊመር መልሶ ወደ ገጹ ሊስበው ይችላል። ቶሉዊን ቀስ ብሎ ስለሚተን ፖሊመሩ ጠልቆ እንዲቀር ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ትነቱ ለጤና ጎጂ ነው፤ በሙጫው ውስጥ የቀረው ጥቂት ፈሳሽም ሙጫውን ያለሰልሰዋል።

የአገሩ አየርም መታሰብ አለበት። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ሞቃት ከተማ ስትሆን፣ ጨንጫ ከ2,500 ሜትር በላይ ያለች ጉም የማይለያት ደጋ ናት። ፓራሎይድ ቢ-72 በ40 ዲግሪ ገደማ መለስለስ ይጀምራል፤ አሟሚው ጨርሶ ካልወጣ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ሙቀት ይለሰልሳል። ስለዚህ በቆላው ሙቀት የተጣበቀው ስብርባሪ ቀስ በቀስ ሊንሸራተት ይችላል። በደጋው እርጥበት ደግሞ አሴቶን ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው ጤዛ ያርፍበትና ቅቡ ይነጣል።

አንዳንድ ሰዎች «ከገበያ የተገዛ ጠንካራ ሙጫ ይበቃል» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን እንደ ኤፖክሲ ያለው ማጣበቂያ አንዴ ከጠነከረ በኋላ በአሟሚ አይሟሟም። ታዲያ የዛሬው ጠጋኝ ቢሳሳት የነገው በምን ያርመዋል?

በጋሞ ደጋ በሞታ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ2012 ተቆፍሮ የወጣውን፣ ባይራ የተባለውን የ4,500 ዓመት ዐፅም እናስብ። የዘር መረጃው እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሞ ለዓለም ታላቅ ዕውቀት ሆኗል። እንዲህ ያለውን ዐፅም አንድ ቅን ሰው ለማጠንከር ብሎ በሙጫ ቢነክረው ኖሮ፣ ምርመራው ምንኛ በከበደ ነበር!

እንግዲህ ተማሪዎች፣ የተሰበረ ቅርስ ብታገኙ ለማጣበቅ አትቸኩሉ። ስብርባሪውን ሰብስቡ፤ የተገኘበትን ስፍራ ጻፉ፤ ከዚያም ለባለሙያ አስረክቡ። ሳያውቁ ከመጠገን አውቆ መጠበቅ ይሻላል።