የእጅ ባትሪን በሦስት ደረጃ ስለ ማብራት

በአማርኛ ባትሪ በሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራበታል። አንደኛው በእጅ ተይዞ የሚበራው መብራት ራሱ ነው፤ ሁለተኛው በሆዱ ውስጥ የሚገባው የኃይል ምንጭ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሲያስፈልግ የኋለኛው የባትሪ ድንጋይ ይባላል። አማርኛን በመማር ላይ የሚገኙት የመሥሪያ ቤት ሹማምንት አንባቢዎቻችን ይህን ልዩነት ቢይዙት ሱቅ በገቡ ጊዜ መብራቱን ፈልገው ድንጋዩን ከመግዛት ይድናሉ። በጅቡቲ ከተማ ግን ይህም ዕውቀት ብቻውን አይበቃም። በዚያ ፈረንሳይኛ ከዓረብኛ ጋራ የመንግሥት ቋንቋ ስለ ሆነ፤ ባትሪ ሲባል ባለሱቁ የሚያስበው የመኪናውን ባትሪ ሊሆን ይችላል። በፈረንሳይኛ ድንጋዩ ፒል፤ መብራቱም ላምፕ ደ ፖሽ፤ ማለት የኪስ መብራት ይባላል። ፒል ማለት ክምር ማለት ነው፤ ስሙ የመጣው ኢጣሊያዊው ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 የሁለት ዓይነት ብረት ዝርግ ክቦችን በጨው ውኃ በራሰ ጨርቅ እየለየ፤ አንዱን በአንዱ ላይ በመከመር ኤሌክትሪክ ካገኘበት ሥራው ነው።

ይህን ያነሣነው ግን ስለ ቃል ብቻ ለመናገር አይደለም። ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፤ ይኸውም በእኛ ደጋ ዝናብ በሚወርድበት ወራት፤ በጅቡቲ ከተማ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ሐምሲን የሚባለውም ነፋስ አቧራ ይዞ ይነሣል። በዚህ ወራት በየቤቱ የነፋስ ማራገቢያው ሳያቋርጥ ስለሚዞር የኤሌክትሪክ ፍጆታው እጅግ ይበዛል። ከተማይቱ ለብዙ ዘመን ብርሃን ታገኝ የነበረው በቡላኦስ እንዳለው ነዳጅ ከሚያነዱ ጣቢያዎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ከድሬዳዋ በኩል የተዘረጋው መስመር ተመርቆ የኢትዮጵያ ወንዞች ኃይል ወደ ባሕሩ ዳር ወረደ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በጉቤት አጠገብ 60 ሜጋዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ተመረቀ። ይህ ሁሉ ሲሆን መብራት የሚጠፋበት ሌሊት መኖሩ አልቀረም።

መብራት በጠፋ ጊዜ በቅድሚያ የሚታወቀው ጨለማው ሳይሆን የማራገቢያው ዝምታ ነው። ሕፃኑ በሙቀት ይነቃል፤ ትኩሳት ካለበትም እናቲቱ መድኃኒቱን በጨለማ መለካት ይገባታል። የመድኃኒቱ መጠን በሚሊ ሊትር የተወሰነ ነውና በግምት አይቀዳም፤ በመለኪያው ላይ የተጻፈችው ቍጥር መታየት አለባት። እንግዲህ ባትሪው ሲበራ አንድ ዓይነት ብርሃን ብቻ ካለው፤ ይኸውም እስከ ጎረቤት ሰገነት የሚደርስ ከሆነ፤ የተኙት ልጆች ሁሉ ይነሣሉ፤ የእናቲቱም ዐይን በነጩ መለኪያ ላይ በሚያርፈው ብርሃን ይበዘበዛል። ከዚህም የሚከፋው ድንጋዩ ከእኩለ ሌሊት በፊት ደክሞ፤ ለቀጣዩ መድኃኒት ሰዓት አለመድረሱ ነው። በዚያ ሰዓት ሱቅ የለም።

አያቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ የተሻለ ዕቃ ነበራቸው ብንል ማጋነን አይሆንም። ፋኖስ ክሩን ከፍና ዝቅ የምታደርግ ትንሽ መዘውር አለችው፤ ለሥራ ይደምቃል፤ ለመኝታ ይፈዝዛል፤ ጋዙም በዚያው ልክ ይቈጠባል። ርካሹ የእጅ ባትሪ ግን ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል። ብዙ ደረጃ ያለው ባትሪ በገበያ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በቤት ያለውን ዕቃ በጥቂት ወጪ ማሻሻል ሲቻል አዲስ መግዛት ምን ያደርጋል?

ለዚህ ሥራ የሚስማማው ባለ ኤል.ኢ.ዲ. ባትሪ ነው። ይህ ዓይነት መብራት ነጭ ሆኖ ለማብራት የበቃው የሰማያዊው ኤል.ኢ.ዲ. ምሥጢር ከተገኘ በኋላ ነው፤ አካሳኪ፤ አማኖና ናካሙራ የተባሉት ሦስት ሊቃውንትም በዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተቀብለዋል። ለቤት ሥራችን የሚመረጠው ሰውነቱ ፕላስቲክ የሆነ፤ በውስጡ ጥቂት ባዶ ቦታ ያለው፤ በትንሽ ራዲዮ ውስጥ የሚገባውን መጠን ሦስት ድንጋይ የሚይዝ ነው። ሽቦው ቀይ እስኪሆን እየጋለ የሚያበራው የድሮው አምፑል ለዚህ አይሆንም። ኃይሉ ጥቂት ቢቀነስበት ብርሃኑ ወደ ቀይ ዞሮ ፈጽሞ ይደክማል፤ ድንጋዩን ግን መብላቱን አይተውም።

የአሠራሩ ምክንያት እንዲህ ነው። አዲስ ድንጋይ እያንዳንዱ 1.5 ቮልት ስለሚሰጥ ሦስቱ በተርታ ሲሆኑ 4.5 ቮልት ይሆናል። ነጩ ኤል.ኢ.ዲ. ለማብራት የሚሻው በግምት 3 ቮልት ነው። የሚተርፈው 1.5 ቮልት የሚፈሰውን ኃይል ይገፋዋል። በመካከል ሬዚስተር የሚባለውን፤ ከጤፍ አገዳ ብዙ የማይወፍር፤ ኃይል ቀናሽ ዕቃ ብናገባ እንደ ጠበበ የውኃ ቧንቧ ሆኖ ፍሰቱን ይወስነዋል። የፍሰቱም ልክ የሚገኘው ትርፉን ቮልት ለሬዚስተሩ ኦም በማካፈል ነው። 1.5 ለ15 ኦም ሲካፈል 0.1 አምፔር፤ ማለት 100 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ለ83 ኦም ሲካፈል ደግሞ ወደ 18 ሚሊ አምፔር ይወርዳል። ባለ ሩብ ዋት ሬዚስተር ለዚህ በቂ ነው።

ስለዚህ አንድ የ15 ኦም፤ አንድ የ68 ኦም ሬዚስተር፤ ሁለት ትንንሽ ማብሪያና ማጥፊያም ያዘጋጁ። ሬዚስተሮቹን ከተጣለ ራዲዮ መንቀል ይቻላል፤ የሚታወቁትም በቀለማቸው ነው። የ15 ኦሙ ቡናማ፤ አረንጓዴ፤ ጥቁር፤ የ68ቱ ደግሞ ሰማያዊ፤ ግራጫ፤ ጥቁር ቀለበት አለው፤ አራተኛው ቀለበት ብዙ ጊዜ ወርቃማ ነው። በመጀመሪያ ድንጋዮቹን ያውጡ። ቀጥሎ ከባትሪው ማብሪያ ወደ መብራቱ የሚሄደውን ሽቦ ይቍረጡና ሁለቱን ሬዚስተሮች አንዱን ከአንዱ በማስቀጠል በተቈረጠው መካከል ይበይዱ። ከዚያም በእያንዳንዱ ሬዚስተር ሁለት ጫፍ ላይ አንዳንድ ትንሽ ማብሪያ ያገናኙ። ማብሪያው ሲዘጋ፤ ማለት ሁለቱን ጫፍ ሲያገናኝ፤ ኃይሉ ሬዚስተሩን ትቶ በአቋራጭ ያልፋል፤ ሲከፈት በሬዚስተሩ ውስጥ ለማለፍ ይገደዳል። መበየድ የማያውቅ ሰው ሥራውን ለራዲዮ ሠሪ ቢሰጥ ይሻላል፤ በእጅ የተጠመዘዘ ሽቦ በባሕር ዳር ጨው ቶሎ ይዝጋልና። የተበየደው ሁሉ እርስ በርሱ እንዳይነካካ በናስትሮ ይጠቅለል።

አሁን ሁለቱም ማብሪያዎች በተዘጉ ጊዜ ባትሪው ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይደምቃል። የ68ቱ ብቻ ሲዘጋ ኃይሉ በ15 ኦም ያልፋል፤ ይህ ለመንገድና ለወጥ ቤት የሚሆን ብርሃን ነው። ሁለቱም ሲከፈቱ 83 ኦም ሆኖ ለመኝታ ቤት የሚስማማው ይገኛል። የ15 ኦሙ ብቻ ሲዘጋ አራተኛ ደረጃ ይወጣዋል የሚል አንባቢ አይጠፋም፤ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን 68ና 83 እጅግ ስለሚቀራረቡ ዐይን አይለያቸውም። የዐይን ተፈጥሮ ይህ ነው፤ ኃይሉ በግማሽ ቢቀነስ ብርሃኑ ጥቂት ብቻ የቀነሰ ይመስላል፤ ደኅና አድርጎ እንዲታወቅ ወደ አራተኛ ወይም ወደ አምስተኛ እጅ መውረድ አለበት። ከዚህም በታች የፈለገ ሰው በ68ቱ ፈንታ 330 ኦም ቢያገባ ወደ 4 ሚሊ አምፔር ይወርዳል፤ ጨለማን ለለመደ ዐይን መለኪያውን በቅርብ ለማንበብ ያም ይበቃል።

የድንጋዩ ዕድሜ በዚህ ላይ ይጨመራል። የዚህ መጠን አልካላይን ድንጋይ በግምት 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል ብንል፤ በ100 ሚሊ አምፔር 20 ሰዓት፤ በ18 ደግሞ ከ100 ሰዓት በላይ ያገለግላል፤ ማለት ሌሊቱን ሙሉ ቢበራ እንኳ ከሳምንት ያልፋል። ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ ብርሃኑም ቀስ በቀስ መቀነሱ አይቀርም።

ለሦስቱ ደረጃዎች ስም ቢያስፈልግ ደማቅ፤ ፈዛዛ፤ ጭላንጭል ብለን እንጠራቸዋለን። ደመቀ ሲል አደመቀ፤ ፈዘዘ ሲል አፈዘዘ ይወጣል፤ ጭላንጭል ግን በቀዳዳ ወይም ከሩቅ የምትታይ ትንሽ ብርሃን ናት። ለተማሪዎቻችን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ብርሃኑ ፈዛዛ ነው ማለት ነውር የለበትም፤ ስለ ሥራ ባልደረባ ፈዛዛ ነው ብሎ መናገር ግን ሰውየውን ዝንጉና ዘገምተኛ ማለት ነውና በጽሕፈት ቤት ውስጥ ባይለመድ መልካም ነው።

ደረጃን ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ ለመጨመር አንመክርም። ከፋብሪካው ልክ በላይ ኃይል የተሰጠው ኤል.ኢ.ዲ. ይግላል፤ ሙቀቱም ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ አየሩ ራሱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነበት ከተማ ሙቀቱን የሚወስድለት የለም። እንዲሁም በሊቲየም የሚሠራውንና እየተሞላ የሚያገለግለውን ባትሪ በቤት መክፈት አይገባም። የሊቲየም ድንጋይ ሁለት ጫፎች በስሕተት ቢገናኙ እሳት ሊነሣ ይችላል። በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ መተውም ያው አደጋ አለበት።

አልካላይኑ ድንጋይ እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም፤ ይሁን እንጂ በሙቀትና በእርጅና ያፈሳል። በሞላውና በመገናኛው ብረት ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ ይኸው ነው። ፈሳሹ ቆዳንና ዐይንን ስለሚያቃጥል በባዶ እጅ አይነካም፤ ልጆችም ይራቁ። በእንጨት ላይ በተጠቀለለ ጥጥ ጥቂት ኮምጣጤ አስነክቶ ብረቱን ማሸት፤ ቀጥሎ ንጹሕ ውኃ በነካ ጨርቅ መጥረግና ደኅና አድርጎ ማድረቅ ይበቃል። ባትሪው ለብዙ ሳምንት የማይፈለግ ከሆነ ድንጋዮቹ ወጥተው ለብቻቸው በደረቅ ቆርቆሮ ይቀመጡ፤ ቆርቆሮውም ሌሊት በእጅ ተዳብሶ በሚገኝበት፤ ከመድኃኒቱ አጠገብ ይሁን።