መጀመሪያ የማያጠፋውን፣ ቀጥሎ ፈጣኑን

አንዳንድ ጓደኞቻችን ስለ አንድ መሣሪያ ሲነሣ ቀድመው የሚጠይቁት «ፈጣን ነው ወይ?» ብለው ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም። እኔ ግን ከርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ። ይኸውም «መብራት ድርግም ቢል የጻፍኩትን ይዞ ይቆየኛል ወይ?» የሚለው ነው።

ታብሌቱ፣ ድምፅ መቅረጫው፣ የክፍያ ማሽኑ ሁሉ በሆዳቸው ትንሽ ኮምፒዩተር አለ። የሚጽፉትም ፍላሽ ላይ ነው። የቱ ጽሑፍ የት እንደተቀመጠ የሚያውቀው መዝገብ ያዥ ደግሞ ፋይል ሲስተም ይባላል።

ፍላሽ እንደ ጥቁር ሰሌዳ አይደለም። ሰሌዳ ላይ አንዲት ፊደል አጥፍቶ ሌላ መተካት ይቻላል። ፍላሽ ላይ ግን በተጻፈበት ቦታ እንደገና ለመጻፍ ብሎክ የሚባለውን ክፍል በሙሉ መደምሰስ ግድ ነው። መደምሰሱም ገደብ አለው፤ አንዳንዱ ጥቂት ሺህ ጊዜ፣ አንዳንዱ እስከ 100,000 ጊዜ ገደማ ይችላል፤ ከዚያ ያረጃል።

ፋት የሚባለው ፋይል ሲስተም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ለፍሎፒ ዲስክ የተሠራ ነው። ቀላልና በየማሽኑ የሚነበብ ስለሆነ ዘሮቹ እስከ ዛሬ በሜሞሪ ካርድ ላይ አሉ። ዳሩ ግን ሠንጠረዡን የሚያድሰው በአሮጌው ላይ እየጻፈ ነው። መሃል ላይ ኃይል ቢቋረጥ ሠንጠረዡና ፋይሉ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ጎበዝ መምህር የማርክ ዝርዝር ሲያድስ አሮጌውን ቀድሞ አይቀድም። አዲሱን ይገለብጣል፣ ያመሳክራል፣ ከዚያ ነው አሮጌውን የሚጥለው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ጄኤፍኤፍኤስ 2፣ በ2008 ሊኑክስ ውስጥ የገባው ዩቢአይኤፍኤስ፣ በ2017 የአርም ኩባንያ ያወጣው ሊትልኤፍኤስ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። አንዱ ብሎክ ብቻውን እንዳያረጅም ሥራውን ለሁሉም ያዳርሳሉ።

«ጥንቃቄ ያዘገያል» የሚል ይኖራል። እርግጥ ነው፣ ጄኤፍኤፍኤስ 2 ሲነሣ ፍላሹን በሙሉ ስለሚቃኝ፣ ፍላሹ በሰፋ ቁጥር ይዘገያል። ዩቢአይኤፍኤስ ግን ማውጫውን እዚያው ፍላሽ ላይ ስለሚያኖር ያንን ችግር አቃልሎታል። ስለሆነም ፍጥነትና መታመን ጠላቶች አይደሉም፤ ጉዳዩ የቅደም ተከተል ነው።

ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ የናሳን ስፒሪት ያስታውስ። ማርስ ላይ ባረፈች በሦስተኛው ሳምንት፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2004፣ ፍላሿ ላይ ፋይል ስለበዛ ፋይል ሲስተሙ ዝርዝሩን ለመያዝ ከተመደበለት በላይ ሜሞሪ ፈለገ። ኮምፒዩተሯም ከ60 ጊዜ በላይ እየወደቀች ተነሣች። መሐንዲሶቹ ፍላሹን ሳትነካ እንድትነሣ አዘዙና አጽድተው አዳኗት። ለ90 የማርስ ቀን የታሰበችው ስፒሪት እስከ ማርች 2010 ድረስ መልእክት ልካለች። ያዳናት ፍጥነቷ አይደለም፤ መውጫ ቀዳዳ አስቀድሞ የተተወላት መሆኑ ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። ለልምምድ በወጣንበት አንድ ትምህርት ቤት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሴሚስተሩን ማርክ የያዘው ፍላሽ አልከፈት አለ። መምህርቷም ማርኩን ከተማሪዎቹ ደብተርና ፈተና ወረቀት አንድ በአንድ ሲለቅሙ ሰነበቱ። ወረቀቱን የጣለው ተማሪ ምን ይሁን? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን ያፈሰሰው ማሽኑ፣ የለቀሙት መምህርቷ ናቸው።

እኛ እጩ መምህራን ፋይል ሲስተም አንሠራም። ሆኖም ልናደርገው የምንችለው አለ። ፍላሽ ከመንቀል በፊት ከኮምፒዩተሩ እናሰናብተው። ማርክ በሁለት ቦታ፣ አንዱም በወረቀት ይሁን። ለትምህርት ቤት መሣሪያ የሚገዙ ሰዎች ሻጩን «ኃይል ሲቋረጥ ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ፤ ከተቻለም እዚያው ነቅለው ይሞክሩት። መምህሮቻችንም ስለ መሣሪያ አጠቃቀም ሲያስተምሩን ለዚህ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጡን ደስ ይለናል።

የልጅ ውጤት የዓመት ልፋት ነው። የምንጽፍበት ዕቃ ሊታመን ይገባዋል፤ እስኪታመን ድረስ ግን እኛው እንጠንቀቅ።

ከአንድ ሠልጣኝ