በደቡብ ባሕር ዛፍ

የአባቴ አረንጓዴ ደብተር በሆሳዕና አቅራቢያ ያለውን እርሻችንን እንዲህ ይገልጸዋል፦ በምሥራቅ ጎረቤት፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ባሕር ዛፍ። የተሰጠን ቀን እልል ብለናል። ዛሬስ? ጎረቤታችን አርፈው መሬታቸው ለሦስት ልጆች ተከፍሏል፤ አንዱ ደቡብ አፍሪካ ነው። መንገዱ ቦታ ቀይሯል። ባሕር ዛፉ ተቆርጦ የሰው ቤት ማገር ሆኗል። ወንዙ አለ፤ እሱም በየክረምቱ ዳሩን እየበላ ይሄዳል። እንግዲህ መሬታችን የት ነው?

«ድንበሩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። እውነት ነው፣ እስካሉ ድረስ ያውቁታል። ሲያልፉ ግን ለልጆች የሚቀረው ክርክሩ ነው። ከሾኔ እስከ ዱራሜ፣ ከአንጋጫ እስከ ዶዮገና መሬት ጠባብ ነው፤ ሰው በአንድ ረድፍ እንሰት ይካሰሳል።

የ1997 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ይዞታ በባህላዊም በዘመናዊም መሣሪያ እንዲለካ ፈቅዶ ነበር። እኛ ጋ የደረሰው ገመዱ ነው። ስለዚህ ቁጥር ይምጣ እላለሁ። የካርታው መረብ መሬትን በሜትር ይቆጥራል፤ ሆሳዕና 37ኛው ዞን ውስጥ ናት፣ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 835 ሺህ ሜትር ገደማ። የእርሻው ማዕዘን ሁሉ ሁለት ሁለት ቁጥር ይኖረዋል። ቁጥር አይሞትም፣ አይሰደድም፣ አይቆረጥም።

ግን ቁጥርም ያሳስታል! አንድ ወጣት ቀያሽ የእጅ ጂፒኤስ ይዞ መጣና «አባባ፣ አይጨነቁ፣ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል» አላቸው። መሣሪያው በጥቂት ሜትሮች ሊስት እንደሚችል ግን አልነገራቸውም። ጥቂት ሜትር ማለት እኮ ያ የሚያካስሰው የእንሰት ረድፍ ነው። የባሰም አለ። አዲንዳን የሚባለው የቆየው የካርታችን መሠረት የተዘረጋው በደቡብ ግብፅ ካለ ነጥብ ተነሥቶ ነው፤ የጂፒኤሱ መሠረት ሌላ ነው። በአንዱ የተለካውን ቁጥር በሌላው ካነበቡት ቦታው 200 ሜትር ያህል ይሸሻል። 200 ሜትር በእኛ ሰፈር የስንት ቤተሰብ እርሻ ነው?

ጥያቄዬ ቀላል ነው። ሲለካ አዋሳኞች ሁሉ ይቁሙ፤ የሄደውም ወኪል ይላክ። ማዕዘኑ ላይ ድንጋይ ይተከል። ቁጥሩ በየትኛው መሠረት እንደተለካ ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ የየጎኑም ርዝመት በሜትር ይስፈር፣ ገበሬው ራሱ ገመድ ዘርግቶ እንዲያረጋግጠው። ይህ ቅንጦት አይደለም። ከተማው ወደ እርሻው ሲሰፋ ካሳ የሚቆጠረው በወረቀቱ ነው።

አባቴ ለቀያሹ የመለሱለት ይበቃኛል፦ «ልጄ፣ ቁጥሩ የሚናገር ከሆነ፣ እኔም በምሰማው ቋንቋ ይናገር።»